ሮዝ ፕላዝማ ይዛችሁ ማይክሮ አር ኤን ኤ እንዳትፈልጉ

ሰላም ልጆች፣ ደሴ ዛሬም ብርድ ነው፣ ጦሳ ጉም ለብሷል እኔም ጋቢዬን ደርቤ ነው የምጽፍላችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ከ30 አመት በላይ ሰርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ አሁን ስራዬ ቡና መጠጣትና የናንተን ፕሮፖዛል ማንበብ ሆኗል። በቀደም አንዷ ልጅ ያመጣችልኝ ማይክሮ አር ኤን ኤን ለማህፀን ግድግዳ ካንሰር ባዮማርከር፣ ማለትም በሽታውን የሚጠቁም ምልክት፣ ስለማድረግ ነው፣ ወላሂ ደስ አለኝ። 18 ገጽ ነው። ስለ ደም አቀዳዱ ግን ያለው አንድ መስመር፣ "ሳምፕል ይሰበሰባል" በቃ።

ለማያውቀው፣ ማይክሮ አር ኤን ኤ 22 ፊደል ገደማ ያላት ቁራጭ ናት፣ ራሷ ፕሮቲን አትሰራም፣ የፕሮቲን መስሪያ መልእክት የሚያደርሰው ሜሴንጀር አር ኤን ኤ ላይ ትለጠፍና ስራውን ታፍነዋለች። አምብሮስና ሩቭኩን የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ ተመራማሪዎች በፈረንጅ 1993 ይፋ ያደረጓት 1 ሚሊ ሜትር የምታህል ትል ላይ አግኝተው ነው፣ እኔ ያኔ ስራ ከጀመርኩ ሁለት አመቴ ነበር። የትል ጉዳይ ነው ተብላ ብዙ ሰው ከቁብ አልቆጠራትም፣ ኖቤሉን የወሰዱት በ2024 ነው እንግዲህ።

እኛ ጋ የማህፀን ካንሰር ሲባል ሰው የሚያስበው የማህፀን በሩን ብቻ ነው። ጎረቤቴ አንድ እትዬ አሉ፣ ወር አበባቸው ከቆመ ስምንት አመት ሆኖት ደም ሲያዩ ቡና ላይ "ልጅነቴ ተመለሰ" ብለው ሴቶቹን ሁሉ አሳቁ፣ እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ተመርመሩ ስላቸው "አምና ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተብያለሁ" አሉኝ፣ እሱ እኮ የበሩ ምርመራ ነው፣ የውስጡን ግድግዳ አያይም። ተለምነው አልትራሳውንድ ሄዱ፣ ግድግዳው ወፍሮ ተገኘ፣ ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚቆረጥ ቁራጭ ስጋ) ተወሰደ፣ ካንሰር ነበር ግን ገና ከማህፀን አልወጣም። ኦፕራሲዮን ተደርገው ዛሬም አቦሉን የሚያፈሉት እሳቸው ናቸው።

የደም ምርመራ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ካረጡ በኋላ ደም ከሚያዩ 100 ሴቶች ካንሰር የሚገኝባቸው 9 ገደማ ናቸው፣ እነሱን ለማግኘት ግን ብዙዎቹ ባዮፕሲ ያስፈልጋቸዋል፣ ያማል፣ ያሳፍራል፣ ፓቶሎጂስትም እንደልብ አይገኝም። አንድ ቲዩብ ደም ቢለይልን ማን ይጠላል? ዕጢው ላይ ሲታይ የሚር 200 ቤተሰብና ሚር 205 የሚባሉት ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ከፍ ብለው እንደሚገኙ ብዙ ጥናት ይስማማል፣ ሚር 200 ግን ሌላ ካንሰር ላይም ከፍ ይላል፣ ደም ውስጥ ሲገባ ደግሞ አንዱ ጨመረ ያለውን ሌላው ቀነሰ ይላል። ስለዚህ ደም ያየችን ሴት ማንም ቢሆን የደም ምርመራ እስኪመጣ ጠብቂ እንዳይላት፣ ዛሬ ያለን ባዮፕሲው ነው።

አሁን ወደ ሮዙ ጉዳይ። ወጣት ሆኜ ከኮምቦልቻ ሳምፕል በሚኒባስ ይመጣልን ነበር፣ በሙቀት ተጭኖ ሃረጎን ሲንገጫገጭ ወጥቶ። አንድ ቀን ሴንትሪፊውጅ አድርጌ፣ ማለትም በማሽን አሽከርክሬ፣ ሳወጣው ከላይ የቀረው ፈሳሽ፣ ፕላዝማው፣ ቢጫ ሳይሆን ሮዝ ነው፣ እንደ ካርካዴ ሻይ፣ ቀይ ሴሉ ፈርሷል ማለት ነው። ወረፋው በዝቶ ዝም ብዬ ሰራሁት፣ ከፈረሰው ሴል የወጣው ፖታሲየም ሰማይ ነካ፣ እኔም ጽፌ ላክሁ። ሰውየው ያላስፈለገው መድሃኒት ተሰጠው፣ ድጋሚ ሲቀዳ ደህና ነበር። ሪጀክት ማድረግ ነበረብኝ፣ ስንፍናው የኔ ነው።

ማይክሮ አር ኤን ኤ ላይ ደግሞ ይብሳል። ቀይ ሴል በሚር 451ና በሚር 16 የተሞላ ነው፣ ሲፈርስ ፕላዝማው ውስጥ ይዘረግፈዋል። ጉዱ ደግሞ ብዙ ሰው ሚር 16ን እንደ ማወዳደሪያ መጠቀሙ፣ ማወዳደሪያው በሄሞላይሲስ (በቀይ ሴል መፍረስ) ከፍ ሲል የሌላው ሁሉ ቁጥር የወረደ ይመስላል፣ አንተ ካንሰሩን አገኘሁ ብለህ ትጽፋለህ ያገኘኸው ግን ሚኒባሱን ነው!

ስለዚህ ልጅቷን አንድ መስመርሽን ሁለት ገጽ አድርጊያት አልኳት። ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን የተደረገበትን ቲዩብ አትንኪ፣ ማይክሮ አር ኤን ኤውን አባዝቶ የሚለካውን ፒ ሲ አር ያፍነዋል፣ ኢዲቲኤ ያለበት ቲዩብ ይሁን። ክንድ ላይ ላስቲኩን አስረሽ ወሬ አታውሪ፣ ፕላዝማውን እዛው ከሴሉ ለዪው፣ ሁለቴ አሽከርክሪው፣ ከዛ ከቀይ ሴል የፈሰሰ ቀለም እንዳለው በ414 ናኖሜትር ብርሃን ለኪው፣ ሚር 451ን ሄሞላይሲስ ብዙም ከማይነካው ሚር 23ኤ ጋር አወዳድሪ፣ ያልሆነውን ጣዪ፣ የጣልሽውንም ቁጥሩን ጻፊ። "ጋሼ ሳምፕሌ ያልቃል እኮ" አለችኝ። ይለቅ አልኳት።

ተኮራርፈን ተለያየን፣ ከሶስት ቀን በኋላ ግን ሁለቱን ገጽ ይዛ መጣች። ሰኞ ኮምቦልቻ ልንወርድ ነው፣ እዛ ያለው ሴንትሪፊውጅ እንደሚሰራ ደውላ አረጋግጣለች። አይስ ቦክሱ የኔ ነው፣ ክዳኑ ላላ ስላለ በላስቲክ አስረነዋል።