ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፦ ስለ 2020ው «ቤት ቆዩ» ትእዛዝና ስለ ተቃውሞው ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ርዕስ ኮሮና በገባበት በ2020 የወጣው የ«ቤት ቆዩ» ትእዛዝና እሱን ተቃውመው የወጡት ሰልፎች ናቸው። ሚዛኔ ሚሺጋን ናት፤ ነገሩ የፈላውም፣ ሕጉ ጥርት ብሎ የታየውም እዚያ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ «ሎክዳውን ሕጋዊ ነበር ወይ?» ብሎ የመጣ ሰው ምንም አልጠየቀኝም። የትኛው ግዛት፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ቁጥር፣ በየትኛው ሕግ? ነገርን ከሥሩ ይባል የለ፤ እዚህ ሥሩ ቁጥሩ ነው።

ጥያቄ፣ ከዲትሮይት፦ ጋሼ፣ ትእዛዙ ከማርች ጀምሮ ነበር። ታዲያ ሰው እስከ ኤፕሪል 15 ዝም ብሎ ለምን ያን ዕለት የግዛቱን ዋና ከተማ ላንሲንግን በመኪና አጨናነቀ?

መልስ፦ ቀን ይዘህ መጥተሃል፣ ተባረክ። ማርች 24 ሥራ ላይ የዋለው የአገረ ገዢዋ ትእዛዝ ቁጥር 2020-21 ብዙ ጫጫታ አላስነሳም። እሳቱን የጫረው ኤፕሪል 9 የወጣው 2020-42 ነው። አገረ ገዢዋ ግሬችን ዊትመር ጊዜውን እስከ ኤፕሪል 30 ሲያራዝሙ ውስጡንም አጠበቁት። ከአንዱ ቤትህ ወደ ሌላው ቤትህ መሄድ ቀረ፣ ሐይቅ ዳር ያለው የእረፍት ቤትም ቢሆን። በሞተር ጀልባ መንሸራሸርም ቀረ።

የመደብሩን ድንጋጌ ሰው በስሚ ስሚ ነው የሚያወራው፤ እንደ ተጻፈው ልንገራችሁ። ለደንበኛ ክፍት የሆነው ወለሉ ከ50,000 ስኩዌር ፊት በላይ የሆነ መደብር በየ1,000 ስኩዌር ፊቱ 4 ደንበኛ ያስገባል፤ ሠራተኛ አይቆጠርም። 80,000 ከሆነ 320 ደንበኛ ማለት ነው። ከ50,000 በታች የሆነው ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሥልጣን ከፈቀደለት የሰው ልክ ሩቡን ብቻ፤ እዚህ ሠራተኛም ይቆጠራል። 200 ሰው የሚይዝ ሱቅ ልኩ 50 ነው፤ 6 ሠራተኛ ካለው ለደንበኛ የሚተርፈው 44። ሠራተኞቹን ረስቶ 50 ደንበኛ ያስገባ ትእዛዙን ጥሷል።

ትልልቆቹ መደብሮች በዚያ ላይ አራት ክፍል እንዲዘጉ ታዘዙ፦ የምንጣፍና የወለል ንጣፍ፣ የቤት ዕቃ፣ የቀለም፣ የአትክልትና የችግኝ። በገመድ መከለል፣ ምልክት መለጠፍ፣ ካልሆነም ዕቃውን ከመደርደሪያ ማውረድ። ወተት ሊገዛ የገባ ሰው እዚያው ሁለት መደርደሪያ አልፎ የታጠረ የቀለም ቆርቆሮ ሲያይ ምን እንደሚል ገምቱ። ለችግኝ ሻጩ ደግሞ ያ ወቅት የዓመት ገበያው ነው። «ሚሺጋን የአትክልት ዘር መሸጥ አገደች» የተባለው ግን በሬ ወለደ ነው። የተዘጋው በትልልቅ መደብር ውስጥ ያለው ክፍል እንጂ የዘር ንግድ አይደለም።

በመኪና የሆነው ዘዴ ነው። ትእዛዙ ከቤተሰብ ውጭ መሰብሰብን ይከለክላል፤ መስኮቱን ዘግቶ መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን ከማንም ጋር አልተሰበሰበም። ዕቅዱ ካፒቶሉን (የግዛቱን ምክር ቤት ሕንጻ) መዞር፣ ጡሩምባ መንፋት፣ አለመውረድ ነበር። የተበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ የግዛቱ ፖሊስ ከ3,000 እስከ 4,000 ከገመተው ሕዝብ ውስጥ 150 ያህሉ ወርዶ ሣሩ ላይ ተጠጋግቶ ቆመ። በማግስቱ ዜና የሆነው የብዙ ሺህ መኪኖች ሰልፍ ሳይሆን የነዚያ 150 ሰዎች ፎቶ ነው። ሁለተኛ፣ ከካፒቶሉ ፊት ለፊት ወደ ምሥራቅ የሚወጣው ሚሺጋን አቬኑ በስፓሮው ሆስፒታል በኩል ያልፋል። ያንን መንገድ መዝጋት የሆስፒታሉን በር መዝጋት ነው። አምቡላንስ ታገደ አልታገደም የሚለው ያኔም አከራክሯል፤ መንገዱን የመረጠ ሰው ግን ካርታ አላየም።

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ ትራምፕ ኤፕሪል 17 «ቨርጂኒያን ነጻ አውጡ» ብለው ጽፈው ነበር። ያ ትእዛዙን አላነሳውም?

መልስ፦ አላነሳውም። ሚኒሶታንም ሚሺጋንንም አብረው ጠርተዋል፤ በሕግ በኩል ዋጋው ዜሮ ነው። ትእዛዙ የአገረ ገዢ ነው፣ የፕሬዚዳንት አይደለም። በዋዜማው የራሳቸው መንግሥት ያወጣው ባለ ሦስት ምዕራፍ መመሪያ እኮ ቁጥሩ 14 ቀን ሳይወርድ አትክፈቱ ይላል።

ጥያቄ፣ ከዳላስ፦ ጋሼ፣ ለመሆኑ ሎክዳውኑ ሕጋዊ ነበር?

መልስ፦ መግቢያውን አንብብ።

ጥያቄ፣ ከአትላንታ፦ ኤፕሪል 30 ጠመንጃ ይዘው የሚሺጋን ካፒቶል ውስጥ የገቡት እንዴት አልታሰሩም?

መልስ፦ ሕጉ ይፈቅድ ነበርና። በግልጽ የተያዘ መሣሪያ እዚያ ሕንጻ ውስጥ አልተከለከለም ነበር። መፈክር የተጻፈበት ካርቶን ግን የግድግዳውን ቀለም ይጭራል ተብሎ ክልክል ነበር! በር ላይ ፖሊስ የያንዳንዱን ሰው ግንባር ሙቀት እየለካ ነው ያስገባው፤ ጠመንጃ ያነገተውም ተራ ይዞ ተለክቷል። በግልጽ ይዞ መግባት የተከለከለው በጃንዋሪ 2021፣ በካፒቶሉ ኮሚሽን ውሳኔ ነው። በኦክቶበር 2020 ይፋ የሆነውን አገረ ገዢዋን የመጥለፍ ሴራ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉብኝ፤ ያ የወንጀል መዝገብ ነው።

ጥያቄ፣ ከግራንድ ራፒድስ፦ የዚያኑ ዕለት ምክር ቤቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አላራዝምም ካለ ትእዛዙ በማግስቱ እንዴት ቀጠለ? ይኼ ነው ያልገባኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይኼ ነው ጥያቄ ማለት። ሰው ሁሉ ጠመንጃውን ሲያይ ዋናው ነገር ወረቀት ላይ አለፈ።

ሚሺጋን ሁለት የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ነበራት። የ1976ቱ ለአገረ ገዢው 28 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ማራዘም የምክር ቤቶቹ ነው። የ1945ቱ ቀን አይቆጥርም ነበር፤ አደጋው አልፏል የሚለውም ራሱ አገረ ገዢው ነበር። ዊትመር ማርች 10 አወጁ፣ ኤፕሪል 1 አስፍተው ደግመው አወጁ፤ ምክር ቤቶቹ ኤፕሪል 7 እስከ ወሩ መጨረሻ አራዘሙላቸው። ኤፕሪል 30 በሪፐብሊካኖች የተያዘው ምክር ቤት አሻፈረኝ ሲል ሦስት ወረቀት ፈረሙ። 2020-66 ነባሩን አዋጅ ሻረ። 67 በ1945ቱ ሕግ አወጀ። 68 በ1976ቱ እንደገና አወጀ። አየሽው? ሽረው ወዲያው እንደገና ሲያውጁ 28ቱ ቀን ከአንድ ተነሥቶ ይቆጠራል ማለት ነው።

ክርክሩ እዚህ ላይ ነው የተነሣው። ሜይ 21 የግዛቱ የይገባኛል ፍርድ ቤት፣ በግዛቱ መንግሥት ላይ የሚቀርብ ክስ የሚያየው፣ 68ን ከስልጣን በላይ ነው ብሎ 67ን አጸደቀ። ስለዚህ ትእዛዙ በአንድ እግሩ ቆመ። ኦክቶበር 2 የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንንም እግር መታው፦ ከኤፕሪል 30 በኋላ በ1976ቱ ሕግ ስልጣን አልነበረም በሚለው ሰባቱም ዳኞች ተስማሙ። የ1945ቱ ሕግ ራሱ የሕግ አውጪውን ስልጣን ያለ ልጓም ለአገረ ገዢ አሳልፎ ሰጥቷል፣ ከሕገ መንግሥቱ ይጋጫል በሚለው ግን የተለያዩት 4 ለ 3 ነው።

አሁን ቀኑን አስተውሉ። የ«ቤት ቆዩ» ትእዛዝ የተነሣው ጁን 1፣ በራሳቸው በአገረ ገዢዋ ፊርማ ነው። ፍርዱ ሲመጣ ቤት ቆዩ የሚል ትእዛዝ አልነበረም። ፍርዱ በተሰጠ በሦስተኛው ቀን ደግሞ የጤና መሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ማስኩንና የስብሰባውን ገደብ በሕዝብ ጤና ሕጉ መሠረት መልሶ አወጣው። «ሰልፉ ትእዛዙን ጣለ» የሚል ካለ የትኛውን ትእዛዝ እንደሆነ ቁጥሩን ይንገረኝ።

ዊስኮንሲን ይለያል። እዚያ ዕድሜውን እስከ ሜይ 26 ያራዘመውን ትእዛዝ ቁጥር 28 የፈረመችው አገረ ገዢው ሳይሆን የጤና መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ናት፤ ፍርድ ቤቱ ሜይ 13 በ4 ለ 3 የጣለውም በደንብ አወጣጥ ሥርዓት አላለፈም ብሎ ነው። በዚያው ምሽት ቡና ቤቶች ተከፈቱ። እንደ ማዲሰን ያሉ ከተሞች ግን በየራሳቸው ጤና ቢሮ ትእዛዝ ተዘግተው አደሩ። ከመክፈትህ በፊት የግዛቱን ብቻ ሳይሆን የካውንቲህንም አንብብ።

ጥያቄ፣ ከዳላስ፦ እሺ ጋሼ፣ አሁን በትክክል ልጠይቅ። ኤፕሪል ላይ የወጡት «ነፍሰ ገዳዮች» ተባሉ። ጁን ላይ ለጆርጅ ፍሎይድ ሲወጣ የጤና ባለሙያው ራሱ ደገፈ። ቫይረሱ ሰልፍ ይመርጣል?

ከሚኒያፖሊስ፦ ወንድም፣ ፀጉር ለመቆረጥ የወጣና ሰው በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞቶ የወጣ አንድ ነው?

ከዳላስ፦ ሱቁ የከሰረበት ሰው «ፀጉር ለመቆረጥ» አልወጣም። የልጆቹ እንጀራ ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦ የእኛዎቹ ማስክ አድርገው ነበር፤ የዚያን ዕለቱን ፎቶ እይ።

ከኮሎምበስ፦ ኧረ ይብቃችሁ፤ ሌላም ጥያቄ ያለው ሰው አለ።

መልስ፦ ማን እውነተኛ ሐዘንተኛ ነው የሚለውን ለየቤታችሁ። ሕጉ የሚለው አጭር ነው፦ መንግሥት የሰልፍን ሰዓት፣ ቦታና አኳኋን መገደብ ይችላል፤ በሰልፉ መልእክት ግን ማበላለጥ አይችልም። የዳላሱ ነጥብ ፍርድ ቤት ደርሷል። የኒውዮርክ ሰሜናዊ ወረዳ የፌዴራል ዳኛ ጁን 26 ባለሥልጣናቱ የጁኑን ሰልፍ እያበረታቱ ቤተ ክርስቲያንን ማጥበባቸውን ቆጥሮባቸው የአምልኮ ገደቡን አግዷል። ራሌይ፣ ሰሜን ካሮላይና ላይ ፖሊስ ኤፕሪል 14 ሰልፍ «አስፈላጊ ያልሆነ ተግባር ነው» ብሎ መጻፉም ስህተት ነበር። ሰልፍ መገደብ ይቻላል፤ ከፀጉር ቤት ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ መክተት ግን ሌላ ነው። በዚህ ላይ ከዚህ ወዲያ አልመለስም።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 19 ነበር። ቅዳሴ መከልከሉ ከእምነት ነጻነት ጋር አይጋጭም?

መልስ፦ ቀን እንጂ ግዛት አልነገርሽኝም። ሚሺጋን የአምልኮ ቦታን ከቅጣት ነጻ አድርጋ ነበር፤ ካህናቱ ብቻ ቀድሰው ምእመኑ በስልክ የተከታተለው በራስ ጥንቃቄ ነው እንጂ ቅጣት ፈርቶ መሆን አልነበረበትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜይ 29 የካሊፎርኒያን ገደብ በ5 ለ 4 አልነካም አለ። ኖቬምበር 25 የኒውዮርክን፣ ማለትም በቀይ ቀጠና 10 ሰው፣ በብርቱካናማ 25 ሰው የሚለውን፣ በ5 ለ 4 አገደ። በመሃል የተለወጠው አንድ የዳኛ ወንበር ነው። የ1905ቱ የጃኮብሰን ፍርድም ሲጠቀስ ትሰማላችሁ፤ ያ ፈንጣጣ አልከተብም ያለ ሰው 5 ዶላር ስለ መቀጣቱ ነው፣ ስለ ሰልፍም ስለ ቅዳሴም አይደለም።

ጥያቄ፣ ከፍራንክፈርት፦ ጀርመንስ? ያኔ ሰልፍ ጭራሽ ክልክል ነበር ይባላል።

መልስ፦ «ይባላል» አትበሉኝ። የጊሰን ከተማ የሄሰን ክፍለ አገር ደንብ ሰልፍን ሁሉ ከልክሏል ብላ አንድ ሰልፍ አገደች፤ ካርልስሩኸ ያለው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ኤፕሪል 15 ሻረው። ምክንያቱ፦ ከተማዋ ሰልፈኞቹ 1.5 ሜትር እየተራራቁ ሊቆሙ ማቀዳቸውን ሳትመዝን በጅምላ ወሰነች። ጀርመን ውስጥ ለአደባባይ ሰልፍ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ይመዘገባል። የኛ ሰዎች የሚሳሳቱት አቆጣጠሩን ነው፦ 48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከሰልፉ ቀን ሳይሆን ጥሪው ለሕዝብ ከሚነገርበት ሰዓት በፊት ነው። ቅዳሜ ለሚደረግ ሰልፍ ረቡዕ ቀትር ላይ ጥሪ ልትለጥፍ ካሰብክ ሰኞ ቀትር ሳያልፍ ተመዝገብ። አንዳንዱ ክፍለ አገር የራሱ የስብሰባ ሕግ አለውና የክፍለ አገርህን አንብብ።

ጥያቄ፣ ከነታንያ፦ እኛ ዘንድ 1 ኪሎ ሜትር የሚለው ነገር ነበር።

መልስ፦ ነበር። ሴፕቴምበር 30 የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት፣ ያወጣው ነው፦ ከቤትህ 1 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀህ ሰልፍ አትወጣም፤ ለ2 ሳምንት ያህል ቆየ። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ኢየሩሳሌም መሄድ ያልቻለው በየሰፈሩ መስቀለኛ መንገድና ድልድይ ላይ ወጣ። ግን ያ ሰልፍ በኔታንያሁ ላይ እንጂ በቤት ቆዩ ላይ አልነበረም። ኤፕሪል 19 ቴል አቪቭ ራቢን አደባባይ ላይ መሬቱ 2 ሜትር በ2 ሜትር ምልክት ተደርጎበት የቆመውም የዚያው ወገን ነው። ላንሲንግ ሣር ላይ የጎደለው ያ ምልክት ነበር፤ ኖራና የመለኪያ ገመድ ይበቃል።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ የእኛስ አገር?

መልስ፦ ኤፕሪል 8 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለ5 ወር፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል። አጠቃላይ ቤት የመቆየት ትእዛዝ አልወጣም፤ ስለዚህ የዛሬው ርዕስ አይደለም።

ጥያቄ፣ ከሲያትል፦ ሰልፎቹ በሽታውን ምን ያህል አሰራጩ?

መልስ፦ የበሽታ ስርጭት ባለሙያ ጠይቅ።

ጥያቄ፣ ከላስ ቬጋስ፦ ታክሲ ነጂ ነበርኩ፤ የሥራ አጥ የ600 ዶላሩ ነገር...

መልስ፦ ሌላ ቀን።

ጥያቄ፣ ከዲትሮይት፦ ጋሼ፣ የመጨረሻ። ጓደኛዬ በ2020 ሱቁ ላይ ቅጣት ተጽፎበት ከፍሏል። ከኦክቶበሩ ፍርድ በኋላ ብሩን ማስመለስ ይችላል?

መልስ፦ እንደ ወረቀቱ ነው። የአገረ ገዢዋን ትእዛዝ መጣስ ቀላል ወንጀል ነበር፣ እስከ 90 ቀን እስር ወይም እስከ 500 ዶላር። የጤና መሥሪያ ቤቱን ትእዛዝ መጣስ የፍትሐ ብሔር ቅጣትም ነበረበት፣ እስከ 1,000 ዶላር፤ እሱ የቆመው በሕዝብ ጤና ሕጉ ላይ ስለሆነ የኦክቶበር 2ቱ ፍርድ አልነካውም። ወረቀቱ ላይ የትኛው ሕግ እንደ ተጠቀሰ፣ ቀኑ ከኤፕሪል 30 በፊት ይሁን በኋላ፣ ጥፋቱን አምኖ ይክፈል ወይስ ተከራክሮ፣ እነዚህን ሦስቱን ይዞ ጠበቃ ዘንድ ይሂድ። «ኮሮና ጊዜ ተቀጣሁ» ብሎ ባዶ እጁን እንዳይሄድ።

ከዲትሮይት፦ ወረቀቱ ጠፍቶበታል።

መልስ፦ የተቀጣበት ከተማ የወረዳ ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ሄዶ በስሙ መዝገቡን ያስፈልግ። ሲያገኘው ቁጥሩን ላክልኝ።