መልስ፦ አዲስ የጨመርኩት «ሰርዝ» በተን ለምን አይሰራም?

ሰላም ወንድሜ። ለሐዋሳው ዓሣ ቤት በምትሠራው ሜኑ ላይ በጄኩዌሪ (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) አዲስ ምግብ ስትጨምር ይታያል፣ አጠገቡ ያለው «ሰርዝ» በተን ግን ቢነካ ዝም ነው ያልከው። በተኑ ምንም አልሆነም። ክሊኩን ያሰርከው ገጹ ሲከፈት በነበሩት በተኖች ላይ ብቻ ነው። አዲስ የጨመርከው ዓሣ ጉላሽ በአፔንድ (ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በሚጨምረው ትዕዛዝ) የገባው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ክሊኩ አልደረሰውም።

በተኑን ተወውና ክሊኩን ዝርዝሩን በያዘው ዩኤል (<ul>) ላይ እሰረው። ክሊክ ለሚያስረው ትዕዛዝ ለኦን (on) መጀመሪያ «ክሊክ» (click)፣ ቀጥሎ የበተኑን ክላስ (መለያ ስሙን)፣ መጨረሻ ላይ ሲነካ የሚሰራውን ፈንክሽን ስጠው። ክሊክ ከተነካው በተን ተነስቶ ወደ ላይ ስለሚወጣ ዩኤሉ ጋ ይደርሳል። ነገ የምትጨምረው ጥብስም ይሰራል። ፈንክሽኑ ውስጥ ከዚስ (this፣ ከተነካው በተን) ተነስተህ በክሎዘስት (closest) ምግቡን የያዘውን ኤልአይ (<li>) ያዝና በሪሙቭ (remove) አጥፋው። እኔ ይህ ሳይገባኝ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በልቶብኛል፤ ጓደኞቼ አሞራ ገደል ዓሣ እየበሉ።

«ላይቭ ተጠቀም» የሚሉ የድሮ ቪዲዮዎችን እለፋቸው። ላይቭ (live) ክሊክ ማሰሪያ የነበረ የድሮ ትዕዛዝ ነው፤ ከጄኩዌሪ 1.9 ጀምሮ የለም።

ሳልረሳው፣ ደንበኛ የሚጽፈውን አስተያየት እንደ ኮድ በሚያነበው በኤችቲኤምኤል (html) ትዕዛዝ ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ በሚያሳየው በቴክስት (text) አስገባ። አለዚያ አንዱ ተንኮለኛ ስክሪፕት ከጻፈበት ገጽህ ላይ ቁጭ ብሎ ይሰራል። አሁንም እምቢ ካለህ ኮዱን ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።