የቺካጎ ግምተኛ ጅማ ድረስ ይመጣብናል?

“ቺካጎ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል እያለ የሚቆምረው ሰውዬ (ግምተኛው) ከጅማ በቆሎ ጋር ምን አገናኘው?” ላልከው፦ ከበቆሎው ጋር እምብዛም። ጅማ ሂርማታ ገበያ በቆሎ የሚያስወድደው ነዳጁ፣ መንገዱና ሐምሌን ጠብቆ መጋዘኑን የሚቆልፈው ነጋዴ ነው። (እሱም ግምተኛ ነው፤ ስክሪን የለውም እንጂ።) የምግብ ዘይት ግን በብዛት ከውጭ ስለሚገባ የዓለም ዋጋ ይነካናል። በ2000 ዓ.ም. ምግብ ጣራ ሲነካ በእህል ዋጋ ላይ የሚቆምሩ ትልልቅ የኢንቨስትመንት ፈንዶች ገንዘብ አባብሶታል ያሉ ብዙ ነበሩ። የነዳጅ መወደድና ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የከለከሉ አገሮችም ነበሩበት። ግምተኛው ብቻውን ዋጋ ይሰቅላል ብዬ አላምንም፤ የተነሳውን ግን ያጦዘዋል።

ቡናን እየው። የካቲት 2017 ኒውዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ አራቢካ ከ4 ዶላር በላይ ነበር። እዚሁ ጅማ ዞን ያለው የአጋሮ ገበሬ ግን እሸት ቡናውን ኅዳር ላይ ሸጦ ጨርሷል። ክረምት ሲገባ ያንን ውድ በቆሎ በኪሎ የሚገዛውም እሱ ነው።