ጥያቄና መልስ፦ አያሰክርም የተባለው የሄምፕ አበባ ለእናቴ ይሁን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። እናቴን ጉልበቷን ክፉኛ ያማታል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የላትም። የልብ ሕመምም ስላለባት ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳው ወንድሜ ለጥምቀት ሲመጣ ሄምፕ የሚባል አበባ ይዞላት ሊመጣ ነው። እሱ ራሱ ከሥራ ሲገባ ያጨሰዋል። «አያሰክርም፣ እዚህ በሱቅ ይሸጣል፤ ደግሞም እግዚአብሔር ዘር ያለውን ሐመልማል ሁሉ ሰጥቶናል» ይላል። ለእናቴ እንደ ሻይ አፍልቼ እንዳጠጣት ነግሮኛል። በልብስ መሀል ጠቅልሎ እንደሚያመጣው ስሰማ ግን ፈራሁ። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። መፍራትሽ ደግ ነው። ሳላስጠብቅሽ ልንገርሽ፦ አበባው እንዳይመጣ ለወንድምሽ ዛሬውኑ ደውይለት። «ዕፅ ነውና ርኩስ ነው» ብዬ ግን ነገሩን አልዘጋውም። እንዲህ ያለው መልስ ወንድምሽን አያሳምነውም፤ እውነትም አይደለም።

ተክሉ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው። ሄምፕም ማሪዋናም አንድ ተክል ናቸው፤ የሳይንስ ስሙ ካናቢስ ሳቲቫ ነው። ከግንዱ በሚወጣው ቃጫ ሰው ከጥንት ጀምሮ ገመድና ሸራ ሲሠራ ኖሯል። ፍሬው ይበላል፣ ዘይትም ይጨመቅበታል። በዚህ የሚጣላ የለም። ወንድምሽ የሚለው ግን አበባውን ነው፤ ያውም የሴቴዋን ተክል አበባ። ቀረብ ብለው ሲያዩት ጤዛ የመሰለ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሙጫ ነገር አለበት። የተክሉ ኃይል ያለው እዚያ ላይ ነው። በውስጡ ካሉት ንጥረ ነገሮች ሁለቱ በደንብ ይታወቃሉ፤ ሲቢዲና ቲኤችሲ። የሚያሰክረው ቲኤችሲ ነው፤ ሲቢዲ አያሰክርም። ሄምፕ የሚባለው ቲኤችሲው ያነሰው ነው። በአሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የእርሻ ሕግ ልኩን በደረቅ ክብደት ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል።

ስለዚህ ወንድምሽ ዋሽቷል አልልም። የነገረሽ ግን ግማሹን ነው። 0.3 በመቶ ማለት በአንድ ግራም አበባ ውስጥ 3 ሚሊግራም ቲኤችሲ ነው፤ ምንም የለበትም ማለት አይደለም። ጥሬው አበባ ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲኤ የሚባል አለ። ይሄ እሳት ሲነካው ቲኤችሲ ይሆናል። በወረቀት ላይ ሄምፕ ተብሎ፣ ሲያጨሱት ግን እንደ ማሪዋናው የሚያዞር አበባ የሚሸጡ አሉ። በማየትም ሆነ በማሽተት ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ሰዎች በብዙ መንገድ ይጠቀሙበታል። አንዳንዱ ያጨሰዋል፣ አንዳንዱ በመሣሪያ አሙቆ እንፋሎቱን ይስባል። ከአበባው የወጣውን ዘይት ከምላሱ ሥር የሚያደርግም፣ በቅባት መልክ የሚቀባም አለ። ሻይ ያልሽውን በተመለከተ፣ ሲቢዲ በውኃ አይሟሟም፤ የሚሟሟው በስብ ነው። በዚያ ላይ ጥሬው አበባ ውስጥ ያለው ወደ ሲቢዲ እንዲለወጥ ጠንከር ያለ ሙቀት ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ ገና 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። አንቺ የምታፈዪው ሻይ ለእናትሽ ከሽታው በቀር ብዙም የሚሰጣቸው የለም። ይህን የሚያውቁት ቅቤ ወይም ወተት ይጨምሩበታል። ያኔ ደግሞ ስንት እንደጠጡ መለካት አይቻልም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን የደም ማቅጠኛው ነው። ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን ሥራ ሲቢዲ ያዘገየዋል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማችና ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። እናትሽ አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ እየተመላለሱ የሚያደርጉት የደም ማቅጠኛው ልክ እንዳይዛባ ነው። አንቺ በፍቅር የምታጠጪያቸው ሻይ እንዲህ ያለ ጉዳት ቢያመጣ ሐኪማቸው ከምን እንደመጣ እንኳ አያውቁም፤ ምክንያቱም በድብቅ የመጣ ነገር ለሐኪም አይነገርም።

ሲቢዲ መድኃኒት ሆኖ አያውቅም ማለቴ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኢፒዲዮሌክስ የተባለውን ለከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ፈቅዷል። እሱ ከተክሉ ተጣርቶ፣ ተመጥኖ በጠርሙስ የሚሰጥ ነው፤ ሐኪምም የታማሚውን ጉበት ይከታተላል። ለጉልበት ሕመምና ለእንቅልፍ ማጣት ግን አልተፈቀደም።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ወንድምሽ የጠቀሰው ዘፍጥረት 1፥29 ነው። እግዚአብሔር ሐመልማሉን የሰጠው ለመብል መሆኑ እዚያው ተጽፏል። ሁሉ ተፈጥሯል ማለት ሁሉ ለሁሉ ሰው በየትኛውም መንገድ ይሆናል ማለት አይደለም። የኛን ኮሶ ተመልከቺ። በመንዝና በአንኮበር ደጋ ያደጉ አባቶችና እናቶች ያውቁታል። መድኃኒቱ የሴቴው ዛፍ አበባ ነው። ትሉን ያወጣል። ከልኩ ካለፈ ግን ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል። ስለዚህ በልክ፣ ለበሽታው፣ አዋቂ ባለበት ይጠጣ ነበር። ማንም ማታ ማታ ዘና ልበል ብሎ ኮሶ አልጠጣም።

ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ ሐኪምንም ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል። ያው ሐዋርያ ደግሞ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ በእኔ ላይ ግን ምንም አይሠለጥንብኝም» ብሏል። ሁለቱን ቃል አብረሽ ያዢ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጌታችን ሊሰቅሉት ሲሉ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ቢሰጡት አልተቀበለም። ይህን እየጠቀሱ ሕመምተኛ ማስታገሻ አይውሰድ፣ ይቻለው የሚሉ አሉ። ይህ ጭካኔ ነው። ጌታ ያን ጽዋ የተወው የእኛን ሕመም ሙሉውን ሊሸከም ነው እንጂ አሮጊት እናት ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያድሩ ዘንድ አይደለም። እናትሽ ከሕመማቸው ማረፍ ይገባቸዋል። የምከለክልሽ ዕረፍቱን አይደለም፤ በዚህ መንገድ መፈለጉን ነው።

መንገዱ በሕግም ዝግ ነው። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ማምረት፣ ማዘዋወርና መጠቀም ያስቀጣል። አገራችን አባል የሆነችበት የ1961 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ስምምነትም ካናቢስ ብሎ የሚቆጣጠረው በተለይ አበባውን ነው፤ ፍሬው ለብቻው ሲሆን አይነካውም። «አሜሪካ ሱቅ የገዛሁት ነው» ማለት ቦሌ ላይ አያስጥልም። ወንድምሽም ይህን ስለሚያውቅ ነው በልብስ መሀል የሚጠቀልለው። ሰው ከመንግሥትም፣ ከሐኪምም፣ ከንስሐ አባቱም የሚደብቀውን ነገር ለእናቱ መድኃኒት አድርጎ ማምጣት አይችልም።

ስለ እሱ ስለ ራሱ ደግሞ ተጨንቄያለሁ። ከሥራ ሲገባ ማጨስ ሕክምና አይደለም፤ ልማድ ነው። ጭሱ እንደ ማንኛውም ጭስ ሳንባ ይጎዳል። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው የምንለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። እንጀራውም አደጋ ላይ ነው። ለከባድ መኪና ሾፌሮች በሚደረገው ምርመራ ቲኤችሲ ከተገኘበት «ሲቢዲ ነው የወሰድኩት» ማለት እዚያም ተቀባይነት የለውም። ግን አትቆጪው። ሌሊት ሙሉ ብቻውን መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ምን እንደከበደው ቀስ ብለሽ ጠይቂው። ለጥምቀት ሲመጣ ከንስሐ አባቱ ጋር ይገናኝ። ያ ሸክም የሚወርደው እዚያ ነው።

ለእናትሽ በዚህ ሳምንት የልብ ክትትል ወደሚያደርጉበት ውሰጃቸው። ጉልበታቸውንና እንቅልፋቸውን ለይተሽ ንገሪ፤ ብዙ ጊዜ ልባቸው ብቻ ታይቶ ይመለሳሉና። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉትን ማስታገሻዎችም ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትሰጪያቸው፤ ከደም ማቅጠኛ ጋር ደም ያፈሳሉ። ለደም ማቅጠኛው የሚስማማውን ሐኪሙ ያዝዝላቸዋል።

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ልውሰዳቸው ካልሽ እሰየው። መድኃኒታቸውን ግን ይዘው ይሂዱ፤ በሰዓቱም ይዋጡት። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕመምተኞች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። የልብ መድኃኒትም እንደዚያው ነው። «እምነቴ ይበቃኛል» ብለው ዋርፋሪናቸውን እንዳያቋርጡ አደራ።

የእናትሽንና የወንድምሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ በጸሎት እናስባቸዋለን። ሐኪሙ ያለውንም ጻፊልኝ።