ከእርጎ መድኃኒት ለምትፈልጉ ልጆቼ

የመመረቂያ ርዕስ ምርጫ ሲደርስ አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣል። ከእርጎ፣ ከቆጮ ወይም ከቦርዴ ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ (እነዚህን የሚያኮመጥጠውን ጀርም) መለየት፣ ከዚያ መድኃኒት የተላመደ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን ይገድል እንደሆነ ማየት። ርዕሱን እወደዋለሁ። ብጉንጅ የሚያመጣው፣ ቁስል የሚያመረቅዘው ይኸው ጀርም ነው። ሜቲሲሊን ለተባለው አንቲባዮቲክ አልበገር ማለቱ እንግሊዝ አገር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ መድኃኒቱ ከወጣ ሁለት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ስለዚህ ሌላ መንገድ መፈለጋችሁ ትክክል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ችኮላችሁ ነው።

ሳህን ላይ በረጋው የባክቴሪያ ማሳደጊያ፣ አጋር በሚባለው ላይ፣ ስታፊሎኮከሱን ትዘራላችሁ። ትንንሽ ጉድጓድ ትበሱና ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ አጣርታችሁ ትጨምራላችሁ። በነጋታው በጉድጓዱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ወዲያው ስልክ ይወጣል፣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ቀስ በሉ እስቲ! ኮምጣጤም ብትጨምሩበት እኮ ክብ ይሠራል።

በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የፈሳሹን አሲድነት ቀንሱ፤ ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ የሚበልጥ መለኪያ) 6.5 አድርሱና ድገሙት። ክቡ ከጠፋ ገዳዩ አሲዱ ነበር። ካልጠፋ ካታሌዝ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን የሚሰባብረውን ኢንዛይም፣ ጨምሩ፤ አሁን ከጠፋ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ይህንንም ካለፈ ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም ሞክሩ። ያኔ ከጠፋ ባክቴሪዮሲን፣ ማለትም ባክቴሪያ ሌላ ባክቴሪያ የሚገድልበትን ፕሮቲን፣ ሳታገኙ አልቀራችሁም። በብዙ አገር አይብ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ናይሲን ከዚህ ወገን ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ጥናቱ ግን እሱ ነው።

አሲድ ሆኖ ቢገኝም አትዘኑ። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች 5 አካባቢ ነው። አልድን ያለ ቁስል ግን ብዙውን ጊዜ ከ7 ያልፋል፤ ስለዚህ አሲዱም ቁም ነገር አለው።

የአርጀንቲናዋን የቱኩማን ከተማ ተመራማሪዎች ሥራ አንብቡ። ከላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አንዱን፣ ላክቶባሲለስ ፕላንታረምን፣ መጀመሪያ በላብራቶሪና በተቃጠሉ አይጦች ላይ ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በቃጠሎ በተጎዱ ሰዎች ላይ ያገኙትን አሳተሙ፤ ከተለመደው የሲልቨር ሰልፋዲያዚን ቅባት ብዙም አልተለየም። ጥናቱ ትንሽ ነው። ቢሆንም ከሳህን ወደ ሰው አልዘለሉም።

ሌላም አለ። የለያችሁት ባክቴሪያ ራሱ የትኛውን አንቲባዮቲክ እንደሚቋቋም ፈትሹ። ብዙዎቹ ላክቶባሲለሶች ቫንኮማይሲንን በተፈጥሯቸው ይቋቋማሉ፤ እሱ ብዙም አያስደነግጥም። ቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚያስቋቁም፣ ወደ ሌላ ባክቴሪያ የሚሻገር ጂን ከተሸከመ ግን ክቡ የቱንም ያህል ቢሰፋ ተዉት።

ቤት ስትሄዱ ደግሞ «እንግዲያው እርጎ ቁስሌ ላይ ልቀባ?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። በፍጹም በሉት። በጥሬ ወተት እርጎ ውስጥ ኢ. ኮላይም፣ ያው ስታፊሎኮከስም ሊኖር ይችላል። ቁስሉን ለሐኪም ያሳይ።