መልስ፦ የታንዛኒያ ብሮሹር ለምን አያሳምንም?

መምህር፣ «ተማሪዎቼ ስለ ታንዛኒያ የሠሩት ብሮሹር ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ ይመስላል፤ ሲታጠፍም ጽሑፉ እጥፋቱ ላይ ይወድቃል» ብለው ለጠየቁት፦

ዋናው ችግር ብሮሹሩ ለማን እንደሆነ አለመለየቱ ነው። መጀመሪያ ተጓዡን ይምረጡ። ለተራራ ወዳጅ 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው ኪሊማንጃሮ ሽፋኑ ላይ ይውጣ፤ ታሪክ ለሚወድ ስቶን ታውን፣ የዛንዚባሩ ጥንታዊ የከተማ ክፍል። «እጅግ ውብ አገር» የሚለው ሁሉ ተሰርዞ ዓይን የሚያየው ነገር ይግባ፤ ለምሳሌ «በየካቲት ወደ ሴሬንጌቲ ፓርክ ደቡባዊ ክፍል ቢመጡ፣ ዊልደቢስት የተባለው የዱር እንስሳ ገና የተወለደ ጥጃ በደቂቃዎች ውስጥ ቆሞ ሲራመድ ያያሉ»። ዋና ከተማዋ ዶዶማ እንጂ ዳሬሰላም አለመሆኗንም ያረጋግጡ፤ ብዙ ልጆች ይስቱታል።

እጥፋቱን በተመለከተ፣ ኤ4 ወረቀት በአግድም 297 ሚሊ ሜትር ነው። እኩል ሦስት ቦታ ከተከፈለ ወደ ውስጥ የሚገባው ክንፍ ይጨማደዳል፤ እሱን 97፣ ሌሎቹን 100 እና 100 ያድርጓቸው። ጠባቡ ክንፍ በውጭው ገጽ በግራ፣ በውስጠኛው በቀኝ ይሆናል። ከእያንዳንዱ እጥፋት ግራና ቀኝ 5 ሚሊ ሜትር ባዶ ይተው። ሲታተም ወረቀቱ በአጭሩ ጠርዝ እንዲገለበጥ ይዘዙ፤ አለዚያ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል።