‹‹ይበል!›› የሚያሰኝ ገጽ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያገለገሉ መጻሕፍት እሸጣለሁ፤ አከራያለሁም። ከዚያ በፊት አማርኛ አስተምር ነበር። ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ስለ ግጥምና ስለ እውነተኛ ታሪክ መጻሕፍት ያወራሉ። ልቦለድ የጠየቀኝ የለም ማለት ይቻላል። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ።

*

‹‹ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባንክ ቤት ነው የምሠራው። ደመወዝ በገባ ቁጥር አንድ የግጥም መጽሐፍ ልግዛ እላለሁ። ገዝቼ ጥቂት ገጽ አነብና አስቀምጠዋለሁ። ምንም አይለኝም። ጓደኞቼ ‘ግጥም ስለማይገባህ ነው’ ይሉኛል። እውነት ችግሩ እኔ ጋ ነው?››
ከፍኖተ ሰላም

ወንድም ዓለም፣ ችግሩ አንተ ጋ አይደለም። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ እንዳይመስልህ። አንተ ያደግከው ለቅሶ ላይ ሙሾ፣ ሠርግ ላይ ዘፈን፣ እርሻ ላይ እንጉርጉሮ በሚሰማበት አገር ነው። ጆሮህ ግጥም ሲጎድል ያውቃል። ምን እንደጎደለው መናገር ባትችል እንኳ ያውቃል።

እስቲ አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ማንንም ላለማስቀየም ራሴ ገጥሜዋለሁ።

ትዝታሽ ገደለኝ እኔን በጣም በጣም፣
ቀን ከሌት ብጠራሽ ድምፅሽ ግን አይመጣም።

ልኩ ትክክል ነው። የወል ቤት የምንለው ነው፤ ስድስት ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ ድምፅ)፣ እረፍት፣ ደግሞ ስድስት ቀለም። ቤቱም ይመታል። ግን ‹‹በጣም በጣም›› የመጣው ‹‹አይመጣም›› ስለሚከተል ብቻ እንደሆነ ማንም ይነቃበታል። ‹‹እኔን››ም ቦታ መሙያ ናት። ‹‹ገደለኝ›› ካለ በኋላ ሌላ ማንን ሊሆን ነው? አሁን ደግሞ ይህን እየው።

ያ ያንቺ በርጩማ አቧራ ለበሰ፣
እንግዳ ሳይቀመጥ ክረምቱ ደረሰ።

ትልቅ ግጥም ነው አልልህም። ግን አንድ በርጩማ አየህ። ናፍቆት የሚል ቃል ሳይነሳ ናፍቆቱ ገባህ። ደንበኞቼ ‹‹ጋሼ፣ ይኼኛው ደስ ይላል›› ብለው የሚያሳዩኝ ገጾች ሁልጊዜ እንዲህ ያሉት ናቸው። የሚታይ ነገር ያለባቸው። ቆመው አንብበው፣ ከጎናቸው ላለው ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚደግሙት ገጽ። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳዋል። እኔም ዝም እላለሁ። ፎቶ ያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ይገዛል።

ሁለተኛው ቅሬታ ‹‹አይገባም›› የሚለው ነው። ይህን ስሰማ ገጣሚዎቻችን ‹‹ቅኔ ነው፣ አስብበት›› እያሉ የሚመልሱት መልስ ያናድደኛል። ቅኔ ምን እንደሆነ እኛ ጎጃሞች እናውቃለን። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤቶች ናቸው። ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ፣ ይውላል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል። ትንሿ የቅኔ ዓይነት፣ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት (ሁለት ስንኝ) ብቻ ናት። በዚያች በሁለት ቤት ውስጥ ግን ሰሙ ለብቻው ቆሞ ትርጉም መስጠት አለበት። ሰሙ ካልቆመ ወርቁ የት ይቀበራል? ዛሬ ‹‹ጥልቅ›› እየተባሉ የሚታተሙ ብዙ ግጥሞች ሰም የላቸውም። ላይ ላዩን ስታነበው ምንም፤ ገፍተህ ብትቆፍረውም ምንም። አንተም መጽሐፉን የዘጋኸው ለዚህ ነው። ልክ ነህ።

በቅኔ ማሕሌት ቅኔ ሲቀርብ ያማረው እንደሆነ ሊቃውንቱ ‹‹ይበል!›› ይላሉ። ካላማረ ዝም። አንባቢም እንደዚያው ነው። ዝምታህን እንደ ድንቁርና አትቁጠረው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ግጥም እንደ ልብ ወለድ ከገጽ አንድ ጀምረህ አትዝለቀው። መሐል ላይ ክፈት። ድምፅህን አውጥተህ አንብብ። አንዱ ከያዘህ እዚያው ቆይ። ሌላውን ነገ ታየዋለህ።

*

‹‹ይድረስ ለወንድሜ። ጡረተኛ ነኝ። ግለ ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ። ነገር ግን አሁን አሁን የሚወጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። ጸሐፊው ሁልጊዜ ልክ፣ ሌላው ሁልጊዜ ጥፋተኛ። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም። ምን ባነብ ይሻለኛል?››
ከቢቸና

አባቴ፣ ደብዳቤዎ በጣም ነክቶኛል። በእጄ ያለ አንድ መጽሐፍ ላሳይዎት እፈልጋለሁ። የአንድ ባለሥልጣን ግለ ታሪክ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ብዙ ሰው ተከራይቶታል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጫፋቸው ጠቁሯል፣ ተጣጥፏል። ልጅነቱን፣ እናቱን፣ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት የሄደበትን መንገድ ያወራባቸው ናቸው። ሹመቱ ሲጀምር ገጹ እየነጣ ይሄዳል። መጨረሻው አዲስ ይመስላል። አንባቢ የት ላይ እንደተወው ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። አንድ ቦታ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ ‹‹ይህ ሐሰት ነው። እኔ ነበርኩ።›› ማን እንደጻፈው አላውቅም። ያንን እርሳስ ግን አላጠፋውም። ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ሰው በግለ ታሪክ የሚወደው ሹመቱን አይደለም። ዋጋውን፣ መንገዱን፣ የበላውን፣ የፈራበትን ቀን ነው። ‹‹በወቅቱ የነበረው ሁኔታ›› እያለ ሦስት ገጽ የሚሄድ ጸሐፊ አንባቢውን ያጣዋል። ‹‹ያን ቀን ሽሮ አልነበረንም›› ያለው ይይዘዋል።

ምን ላንብብ ላሉኝ፣ ሁለት መጽሐፍ ጎን ለጎን ቢያነቡ ደስ ይለኛል። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ‹‹ካየሁት ከማስታውሰው›› ብለው ጽፈዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ ‹‹ትዝታ›› አላቸው። ሐዲስን ሁሉም የሚያውቃቸው በልቦለዳቸው ነው። እዚሁ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱ የኛው ሰው ናቸው። ራስ እምሩ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የጎጃም ገዥ ነበሩ፤ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ሐዲስም ከዘማቾቹ አንዱ ነበሩ። ሁለቱም በኋላ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረዋል። አንዱ አዛዥ፣ አንዱ ወጣት ዘማች። ያንኑ ጦርነት ከሁለት ቁመት ያዩታል። እርስዎ መሐል ላይ ተቀምጠው ይፍረዱ። አንድ ጸሐፊ ‹‹እኔ ልክ ነበርኩ›› ሲል የሚያስጨንቀን ሌላ ምስክር ስለሌለን ነው። ሁለተኛውን ምስክር ሲያገኙ ንባቡ ይጣፍጣል።

ሌላም አለ። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ጨዋታ በቴፕ ቀርጸው መጽሐፍ አድርገውታል፤ በ1959 ታትሟል። አለቃ ለማ በቅኔ ትምህርት ጎጃምን የዞሩ ሊቅ ናቸው። መጽሐፉ እንደ ጽሑፍ አይነበብም፤ እንደ ወሬ ይሰማል። ሽማግሌው ሲስቁ፣ ሲያቋርጡ፣ ወደ ኋላ ሲመለሱ ይሰማዎታል። ልጃቸው ያንን ድምፅ በ‹‹መጽሐፍ አማርኛ›› አልለወጡትም። እኔ ለዚህ ሁሌም አመሰግናቸዋለሁ። ዛሬ የአባቱን ታሪክ ልጽፍ ያለ ሁሉ ከዚህ ቢማር ደስ ባለኝ። ብዙዎቹ የአባትን ጨዋታ ሰምተው፣ ቤት ገብተው፣ የቢሮ ደብዳቤ አስመስለው ይጽፉታል።

የታሪክ መጻሕፍትንም በአጭሩ ላንሳ። እዚህ የሚገቡ ደንበኞች የጎጃም ታሪክ ሲያገኙ በቅድሚያ የሚያደርጉት አንድ ነው። ከኋላ ይገልጡና የአያታቸውን ወይም የቀበሌያቸውን ስም ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ መጠቁም (ስሞችን ከነገጻቸው የሚዘረዝር ማውጫ) የለውም። ያጉረመርማሉ፤ እውነታቸውን ነው። የታሪክ መጽሐፍ ያለ መጠቁም ማሳተም አንባቢን መናቅ ነው። አንባቢን ለማክበር ግን የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃም ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። አለቃው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ ሠዓሊና ጸሐፊ ነበሩ። ጽሑፋቸው በኋላ ዘመን በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነት ከማብራሪያ ጋር ታትሟል። የሚከራከር ሰው ክርክሩን ከግርጌ ማስታወሻው ይጀምራል። ደንበኞቼ በዚያ ሲከራከሩ ሱቁ ይደምቃል፤ ግን ማንም ‹‹ከየት አመጣኸው?›› አይልም።

*

‹‹ሰላም ጋሼ! የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ ሁሉም የሚያነበው አነቃቂ መጽሐፍ ነው። እኔም ጥቂት አነበብኩ። ሲያነቡት ያሞቃል፣ በሳምንቱ ግን የለም። ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?››
ከዳንግላ

አላባከንሽም፣ እታለም። ሰው ተስፋ ሲያጣ ‹‹ትችያለሽ›› የሚለው ድምፅ ይፈልጋል። ይህን የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልንቅም። ሥራ ፈልጎ ያጣ ልጅ ገብቶ ሲከራየው አይቻለሁ፤ ቀና ብሎ ነው የሚመለሰው።

ተመላሽ ሲያደርጉ የሚሉኝ ግን አንቺ ያልሽውን ነው። አንዱ ምክር በየምዕራፉ ይደገማል። ምሳሌዎቹ ሁሉ የአሜሪካ ሀብታሞች ናቸው። ትርጉሙም ቃል በቃል ስለሆነ አማርኛው ይጎረብጣል። እዚህ ከተማ በብድር ወፍጮ ተክላ ልጆቿን ያስተማረች ሴት ታሪክ ቢጻፍ ስንቱ በተነቃቃ! አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ምክሩን ዝለይና ታሪኩን ብቻ አንብቢ። ታሪክ የሌለው ከሆነ መልሺው።

*

‹‹ጋሼ፣ ነርስ ነኝ። ለብዙ ጊዜ የጻፍኳቸውን ግጥሞች ላሳትም ነው። አንባቢ ምኑን እንደሚጠላ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ሳይታተም በፊት ንገሩኝ።››
ከእንጅባራ

እሰይ! ሳይታተም በፊት መጠየቅሽ በጣም አስደስቶኛል። ብዙዎቹ ከታተመ በኋላ ‹‹ለምን አልተሸጠም?›› ብለው ነው የሚመጡት።

ገዢ ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ፤ በየቀኑ አየዋለሁና። የፊት ሽፋኑን ያያል። ገልብጦ ጀርባውን ያነባል። ጀርባው ላይ ‹‹ድንቅ፣ ልዩ፣ ታላቅ›› የሚል አስተያየት ብቻ ካለ አያምነውም። ከዚያ መሐሉን ይከፍታል። አንድ ግጥም ያነባል። አንድ ብቻ! በዚያች አንድ ግጥም ይወስናል። ስለዚህ ‹‹ጥሩዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ደካሞቹ መሐል›› የሚል አሠራር አይሠራም። ደካማውን አውጪው። መጽሐፉ ቢቀጥን ይቅጠን። ‹‹ሲቀጥን ዋጋ አያወጣም›› የሚል አታሚ ይገጥምሽ ይሆናል፤ አትስሚው። የሚቀጥለው ቅሬታ እኮ ዋጋው ነው። ሦስት ስንኝ ለብቻዋ ሙሉ ገጽ ይዛ ሲያይ ገዢው ‹‹ባዶ ወረቀት ነው የምገዛው?›› ይላል። ባዶ ቦታ የሚያስፈልገው ግጥም እንዳለ አውቃለሁ። ሁሉም ግን አያስፈልገውም። አጫጭሮቹን ሁለት ሁለት አድርገሽ በአንድ ገጽ አስቀምጪ።

ቃላቱን በገጹ ላይ መበተን፣ አንዷን ፊደል በአንድ መስመር ማድረግ፣ አሁን የተለመደ ሆኗል። እኔ አልወደውም። ደንበኞቼም አይወዱትም። ድምፅ አውጥተው ሊያነቡት ሲሞክሩ ይደናቀፋሉ፤ ይስቁና ይዘጉታል።

የፊደል ግድፈት ደግሞ ይቅር አይባልም። ስድ ጽሑፍ ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ሰው ያልፋታል። ግጥም ላይ ግን ልኩን ትሰብራለች፣ ትርጉሙን ትገለብጣለች። እህትሽ ወይም ጓደኛሽ አይደለም የሚያርምልሽ፤ የሚወዱሽ ሰዎች ስህተትሽን አያዩም። ገንዘብ ከፍለሽ አርታኢ አስነብቢው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ይከብደኛል። ነርስ ነሽ። ሌሊት ሙሉ ታማሚ አጠገብ የምትቆሚ ሰው ነሽ። ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽልኝ ሁለት ግጥሞች ግን ስለ ጨረቃና ስለ ጽጌረዳ ናቸው። ጽጌረዳውን ስንቱ ጽፎታል! የሌሊት ተረኛ ነርስ፣ ጓንቷን አውልቃ እጇን ስትታጠብ ምን እንደምታስብ የጻፈ ግን እዚህ መደርደሪያዬ ላይ የለም። ቢኖር እኔ ነኝ መጀመሪያ የምገዛው። እንዲህ ያለ ግጥም ካለሽ መሐሉ ላይ አድርጊው። ከሌለሽ ኅትመቱን ለጥቂት ወራት አቆዪና ጻፊው።

ሙሉውን ረቂቅ በዝግጅት ክፍሉ አድራሻ ላኪልኝ። አነበዋለሁ። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ እጽፍበታለሁና ሰፋ ያለ ኅዳግ ተዪልኝ።